ዳዊት በጭንቅ ሰዓት

የዘገየ ዝናሙን፣ የታመመ ልጁን፣ ወደ ሩቅ አገር የሄደ ወንድሙን እያሰበ እንቅልፍ ያላጣ ሰው በየትኛውም ዘመን ኖሮ አያውቅምና፣ የአንድን ሕዝብ ታሪክ ሊያውቅ የሚወድ ሁሉ ነገሥታቱ የት ዘመቱ፣ ምን አሠሩ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ያ ሕዝብ መሽቶ ልቡ በታወከ ጊዜ ወደ ምን ይጠጋ ነበር ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል። የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክርስቲያን ቤት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው፤ ጠበሉ፣ ስለቱ፣ የነፍስ አባቱ፣ የጽዋው ማኅበር፣ ጎረቤት የሚጠራራበት ቡና ሁሉ ከመልሱ ውስጥ ይገባሉ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ዘመን ሲሻገር ሥርዓቱን ሳይለውጥ፣ ከንጉሡ እልፍኝ እስከ ድኻው ጎጆ፣ ከገዳም በዓት እስከ ጦር ሰፈር የዘለቀው ዳዊትን የመድገም ልማድ ነው። አበው በዚህ ልማድ አማካይነት ለጭንቀት ልክና ሰዓት፣ ድምፅና ባልንጀራ ሰጥተውት እንደ ነበር፣ ኃይሉም ከዚህ እንደ መጣ፣ ታሪኩን በዝግታ የተመለከተ ሰው ይረዳዋል።

መዝሙረ ዳዊት ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ክርስትና በአክሱም ከተሰበከ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነው። የግእዙ ዳዊት እንደ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ቍጥር 150 መዝሙራትን ይይዛል፤ በመጨረሻም ዳዊት ጎልያድን ድል ስለ መንሣቱ የሚናገረውን 151ኛውን ይጨምራል። መዝሙራቱ ዐሥር ዐሥር እየሆኑ በ15 ክፍል የተመደቡ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል። ከእነርሱም ቀጥሎ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ በአምስት የተከፈለው የሰሎሞን መኃልየ መኃልይ፣ በሰባቱ ዕለታት የታደለው ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በአንድ ጥራዝ ይከተላሉ። ይህም ሁሉ ለሳምንቱ ተከፋፍሎ ተሰጥቷል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድም ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ ሰሎሞን ይደገማል። እንግዲህ ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ደስ ቢለውም ቢከፋውም በሳምንት አንድ ጊዜ መላውን ዳዊት ይዞራል ማለት ነው፤ የዕለቱ ምንባብ ቀድሞ የተወሰነ ስለሆነም፣ የተጨነቀ ሰው ዛሬ ምን ልጸልይ ብሎ ሌላ ጭንቀት አይጨምርም።

መጽሐፉ ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅዱሳት መጻሕፍት መካከል የሰውን ልብ መታወክ እንደ ዳዊት ሳይሸፍን የሚናገር የለምና፦ 12ኛው መዝሙር እስከ መቼ ድረስ ተረስቼ እቀራለሁ የሚል ሰው አቤቱታ ነው፤ በ41ኛው ባለ መዝሙሩ የገዛ ነፍሱን ስለ ምን ታዝኛለሽ ብሎ እየጠየቀ ያጽናናታል፤ 87ኛው ደግሞ ከመከራ ጀምሮ በጨለማ የሚፈጸም፣ መጽናኛ እንኳ ያልተጨመረበት ልቅሶ ነው፤ 90ኛው የሌሊትን ፍርሃትና የቀትርን ጋኔን በስማቸው ጠርቶ ጥበቃን ይለምናል። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ መርቄሊኖስ ለተባለ ወዳጁ በጻፈው መልእክት፣ በየትኛው መከራ የትኛውን መዝሙር ማንበብ እንደሚገባ እየዘረዘረ አስተምሯል። የእኛም አባቶች በዚሁ መንገድ ሄደው፣ መንገደኛው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሙግት ያለበት፣ ሕልም ያስደነገጠው ሁሉ የየራሱ መዝሙር እንዲኖረው አድርገዋል። ስለዚህ ፈሪ የሆነ ሰው በፍርሃቱ አያፍርም ነበር፤ ንጉሥና ነቢይ የነበረው ዳዊት ራሱ ፈርቶ፣ ፍርሃቱንም በዝማሬ ተናግሮ አግኝቶታልና።

ይህ ዝማሬ ወደ ሰው ልብ የሚገባው ገና በልጅነት ነበር። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቈጠረ ልጅ የዮሐንስን መልእክት፣ ቀጥሎም የዮሐንስን ወንጌል በግእዝ ንባብ፣ በወርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ከተለማመደ በኋላ፣ የንባብ ቤቱ ትምህርት መፈጸሚያ ወደ ሆነው ወደ ዳዊት ይሻገራል። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው የኔታንና ጎረቤቱን ይጋብዛሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ዳዊት ደጋሚ» መባል የማንበብ ችሎታ ምስክር ነበር። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት ሳይሻገሩ ወደ እርሻቸውና ወደ ንግዳቸው ይመለሱ ነበር፤ ይሁን እንጂ በእጃቸው የቀረው መጽሐፍ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሚያገለግላቸው ነው። የመጀመሪያው የትምህርት ፍሬ ለጭንቅ ሰዓት የሚሆን መጽሐፍ እንዲሆን ማድረጋቸው፣ የጥንቶቹ መምህራን ልጁን የሚጠብቀውን ሕይወት ምን ያህል አስበውለት እንደ ነበር ያሳያል።

መጽሐፉን ቀርቦ ላየው ሰው ይህን ሁሉ ቅጠሉ ራሱ ይመሰክርለታል። የብራና ዳዊት አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ለመያዝ የሚበቃ መጠን አለው፤ የመዝሙሩ እያንዳንዱ ቤት በየራሱ መሥመር በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ አርእስቱ በቀይ፣ ንባቡ በጥቁር ቀለም ይቀመጣል፤ ዐሥሩ መዝሙር በተፈጸመበት ስፍራ ሐረግ ወይም የቀይና የጥቁር ነጥብ ተርታ ይሰመራል። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ አንባቢው የሚወደውን ስፍራ ፈጥኖ እንዲያገኝ ባለ ቀለም ክር ይሰፋበታል። ለዘመናት ሲነበብ የኖረ ዳዊት ታችኛው ኅዳጉ ከአውራ ጣት ብዛት የተነሣ ጠቍሮ፣ አልፎ አልፎም ከጧፍ የተንጠባጠበ ሰም ጠብታ ደርቆበት ይገኛል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ገብቶ በጠፍር ይንጠለጠላል፤ በቤት ሲሆን ከግድግዳው ኩላብ ላይ፣ በመንገድ ሲሆን ከባለቤቱ ትከሻ ላይ። በየቤተ መጻሕፍቱ ከተሰበሰቡት የግእዝ ብራናዎች መካከል ዳዊት እጅግ ብዙ ሆኖ መገኘቱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይልቅ በሰዎች እጅ የሚኖር መጽሐፍ ስለ ነበረ ነው።

አደጋገሙም ሥርዓት አለው። ጎሕ ሲቀድ የቤቱ ጌታ ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ማኅደሩን ከኩላቡ አውርዶ፣ መጽሐፉን ተሳልሞ ወደ ምሥራቅ ይቆማል፤ ያረጀ ወይም የደከመ እንደሆነ በመቋሚያው ይደገፋል። ከዚያም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ለራሱ በሚሰማው ያህል ድምፅ፣ ቤት በቤት እየቆረጠ ይደግማል። በመካከሉ ሰው ቢመጣ፣ እንግዳ ቢያንኳኳ፣ የጀመረውን መዝሙር ሳይፈጽም አይናገርም፤ ቤተሰቡም ይህን ዐውቆ ይጠብቀዋል። የእያንዳንዱ መሥመር ፍጻሜ መተንፈሻ ስለሆነ፣ የተቻኰለ እስትንፋስ ሳይወድ በግድ ከንባቡ ጋር ይረጋጋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ የጣልያን ሐኪሞች ጥናት፣ የመቍጠሪያ ጸሎትን በላቲን ቋንቋ የሚደግሙ ሰዎች እስትንፋሳቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ዝግ እንደሚልና ይህም ከልብ ምት ጋር እንደሚስማማ አሳይቷል። የእኛ አባቶች ይህን በመሣሪያ ባይለኩትም፣ ልቡ ለታወከ ሰው ዝም ብሎ ከማሰብ ይልቅ በድምፅ መድገም እንደሚሻለው በልምድ ያውቁ ነበር።

የዚህ ጥበብ ምንጩ ወደ ግብፅ በረሓ ይመለሳል። የመነኮሳት አባት እንጦንስ በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ ትካዜና የሐሳብ ብዛት ቢያስጨንቀው፣ ምን ላድርግ ብሎ በለመነ ጊዜ፣ በእርሱ አምሳል የተገለጠ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጉን፣ ከሥራው ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ሲጐነጉን እንዳየና እንዲሁ እያደረገ እንደዳነ የአበው ዜና ይተርካል። መነኮሳቱ ያን በቀትር የሚመጣውን መሰልቸትና መታወክ በ90ኛው መዝሙር ስም የቀትር ጋኔን ብለው ጠርተውታል። በአገራችን ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት በትርጓሜ ጉባኤ ሲነገሩ የኖሩት፣ የሐሳብን ጦርነት እንዴት መታገሥ እንደሚገባ ስለሚያስተምሩ ነው። በ118ኛው መዝሙር ላይ ተመሥርተው የተወሰኑት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ማለትም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት፣ ቀንንና ሌሊትን በየጥቂት ሰዓቱ ስለሚያቋርጡ፣ አንድ ሐሳብ ያለ ዕረፍት ሰውን ይዞ እንዳያድር ይከለክሉታል። ምእመናኑ ሰባቱን ሁሉ ባይጠብቁ እንኳ ጠዋትና ማታን፣ የጨከኑትም መንፈቀ ሌሊትን ይዘው ቀርተዋል።

ዳዊት የብቸኛ ሰው ጓደኛ እንደ ነበር ከሚያሳዩት ጽሑፎች አንዱ፣ የደራሲው ማንነት ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት ስለ ሃይማኖት በሆነው ሁከት ዘርዓ ያዕቆብ በጠላት ተከሶ ለሕይወቱ ሲሰጋ፣ ጥቂት ወርቁንና ዳዊቱን ብቻ ይዞ ሸሽቶ፣ በተከዜ አካባቢ ካለ ጥልቅ ገደል ሥር በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዚያም ሆኖ ጠዋት ማታ የሚጸልየው፣ ከጸሎቱም ተነሥቶ ስለ ፈጣሪና ስለ ሰው ተፈጥሮ የሚመራመረው በዚህ መጽሐፍ ነበር። አገር የተናወጠበት ሰው ከሀብቱ ሁሉ ምን እንደሚያነሣ ተራኪው ሲያመለክት፣ አንባቢው ሁሉ የሚያውቀውን ልማድ ይዞ መናገሩ ነው።

ማንበብ የማያውቀው ሕዝብ፣ ይልቁንም ከትምህርት ቤት ርቀው ይኖሩ የነበሩት እናቶች፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስፍራ አጥተው አልቀሩም። ከእንጨት ፍሬ ወይም ከተቋጠረ ክር የሚሠራው መቍጠሪያ፣ 41 ወይም 64 ፍሬ ኖሮት፣ ኪርያላይሶንን ለመቍጠር ያገለግላል፤ 64ቱ እመቤታችን በምድር የኖረችበትን ዕድሜ ያስታውሳል። ጣት ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲሄድ፣ ሐሳብም ወደዚያ ይሳባል። ከዚህም በላይ፣ ዳዊት የደገመው ልጅ በማታ ብርሃን ለእናቱ ያነባል፤ እርስዋም ባዘቶዋን በግራ እጅዋ ይዛ፣ እንዝርትዋን በጭንዋ ላይ እያሾረች፣ ክሩ ሳይበጠስ እየሳበች ትሰማለች። ቃሉ ግእዝ በመሆኑ ሁሉን ባትረዳው እንኳ የየትኛው ዕለት ዳዊት እንደሆነ ከዜማው ታውቀዋለች፤ ልጁ አንድ ቤት የዘለለ እንደሆነም «ልጄ፣ አንዱን አለፍኸው» ትለዋለች። በዚህ ጊዜ እጅ ሥራ አለው፣ ጆሮ ቃል አለው፣ ቤቱም ሰው አለው፤ ለእንጦንስ የታየው የሥራና የጸሎት መፈራረቅ በአንዲት እመቤት ምድጃ ዳር እንዲህ ተፈጽሞ ይገኛል።

ዳዊት በበገናም ይነገራል። ዐሥር አውታር ያለው በገና ከበግ አንጀት በተሠራ ጅማት ተወጥሮ፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባበት፣ ድምፁ የሚጐረምርና የሚረግብ ይሆናል። ዐሥሩ አውታር በዐሥሩ ትእዛዛት ይመሰላሉ፤ ደርዳሪው ግን የሚመታው ከፊላቸውን ሲሆን፣ የቀሩት ጣቱን የሚያሳርፍባቸው ናቸው። በገና በጭፈራ ቤትና በሰርግ አይደረደርም፤ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በእልፍኛቸው፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ሌሊት፣ ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት የሚናገር ግጥም እያሰሙ ይደረድሩታል። ሰውን ከትካዜ ያወጣዋል የሚባለው ደስታን በማሳየት ሳይሆን፣ የተከዘውን ሰው በትካዜው መጠን አግኝቶ ቀስ በቀስ ስለሚያረጋጋው ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና በመታ ጊዜ የንጉሡ መንፈስ ያርፍ እንደ ነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል የተነገረውን ታሪክ የአገራችን ሰው እንደ ሩቅ ወሬ አልሰማውም፤ በየቤቱ ሠራበት እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ የዚህ ልማድ ጠቃሚነት የሚታየው ጭንቁ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የብዙዎች በሆነበት ጊዜ ነው። ሰው በሞተ ሌሊት ካህናቱና ዳዊት ደጋሚዎቹ በአስከሬኑ አጠገብ ሆነው መዝሙራቱን በየንጉሡ ይካፈላሉ፤ አንዱ አንደኛውን፣ ሌላው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውም ቀጣዩን እየያዘ፣ ሁሉ በአንድነት ሲደግም ዳዊቱ በጥቂት ጊዜ ይፈጸማል። ማንም ብቻውን የማይችለው 150 መዝሙር እንዲህ ተከፋፍሎ ይቀላል፤ ኀዘኑም እንዲሁ ይከፋፈላል። ጎረቤት ምግብ አብስሎ ያመጣል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ዘመድ ከአጠገቡ ይተኛል፤ ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እያለ መታሰቢያው በተወሰነ ቀን ይመለሳል። ይህ መተሳሰብ የአንድ ሃይማኖት ሀብት ብቻ አይደለም፤ ቤተ እስራኤል በግእዝ ኦሪትና ዳዊት በቄሶቻቸው አንደበት ጸልየዋል፤ በወሎም የሙስሊሙ ጎረቤት ዱዓና መንዙማ ልብ የታወከበትን ሰው በጉባኤ መካከል አስቀምጠው አጽናንተዋል።

መጽሐፉ ከብራና ወደ ወረቀት የተሻገረውም ከሌሎቹ የግእዝ መጻሕፍት ቀድሞ ነው። በ1505 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1513፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ ከቫቲካን አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከአባ ቶማስ ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከኢየሩሳሌም እስከ ሮም በእግርና በመርከብ የደረሱት እነዚያ መነኮሳት፣ በባዕድ አገር ናፍቆትና ድካም መካከል የያዙትን መጽሐፍ ለዓለም አስረክበዋል። በአገራችን ግን የብራናው ዳዊት ለብዙ መቶ ዓመታት ብቻውን ቆይቶ፣ በ1914 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትና ከሌሎችም ማተሚያዎች የታተመው ዳዊት ሲወጣ፣ የፍየል ቆዳ ለመግዛትና ለጸሓፊ ለመክፈል አቅም ያልነበረው ሰው በኪሱ የሚይዘው መጽሐፍ አገኘ። አማርኛውም ከግእዙ ጎን ስለታተመ፣ ድምፁን ብቻ ይሰማ የነበረው ሁሉ ምስጢሩንም ለመረዳት ቻለ።

ልማዱን የምናከብረው ጕድለቱን ሸሽገን ሊሆን አይገባም። ጸሎቱን ወደ ድግምት የለወጡ፣ መዝሙሩን ሰውን ለመጉዳት ወይም ዕጣ ለማውጣት የተጠቀሙበት ነበሩ፤ የሰውን ቁመት ለክቶ በብራና ጥቅል የሚጻፈው፣ የዓይንና የማኅተመ ሰሎሞን ሥዕል ያለበት ክታብም ብዙ የተጨነቀ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰበት ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ገና በ15ኛው መቶ ዓመት በመጽሐፈ ብርሃን ጥንቆላን አጥብቀው ነቅፈዋል። ከዚህም የሚከፋ በደል አለ፤ አእምሮው የታመመውን ሰው እምነት እንደ ጐደለው ቈጥሮ መውቀስ፣ አልፎም በእግር ብረት ማሰር። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተውና ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ስፍራ የነበረው የአማኑኤል ሆስፒታል፣ ወደ ጠበል ከሄደ በኋላ ወደ ሐኪም የሚመጣ ብዙ ሕሙም ተቀብሏል። ጭንቀት ሥራ ሲያስፈታ፣ ምግብና እንቅልፍ ሲከለክል፣ ሕይወትንም ሲያስጠላ ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸሎትን መካድ አይደለም፤ የነፍስ አባት የሆነ አስተዋይ ካህንም ልጁን ወደዚያ ለመላክ አይዘገይም።

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን፣ በዱባይ የሚኖረው ወገናችን የሚጨነቅበት ጉዳይ ተለውጧል፤ የዝናሙን ስፍራ የቤት ኪራይ፣ የጦሩን ስፍራ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞታል። ሌሊቱን በእጅ ስልክ ብርሃን የሚያሳልፈው ሰው ከአያቱ ይልቅ የከፋ ጭንቅ ደረሰበት ለማለት አይቻልም፤ አያቱ ቸነፈርና ረኃብ፣ ጦርነትና ስደት አይተዋልና። ነገር ግን አያቱ ጭንቃቸውን የሚያሳርፉበት የታወቀ ሰዓት፣ የሚናገሩበት የተሰጣቸው ቃል፣ ከእነርሱ ጋር የሚደግም ሰው ነበራቸው፤ እርሱ ግን ሦስቱንም በየዕለቱ ብቻውን መፈለግ ይገደዳል። ስለዚህ ከአበው የምንወርሰው ከብራናው ይልቅ ሥርዓቱ ነው። ዳዊት የሚደግም ክርስቲያን ዕለታዊ ንጉሡን አያስታጕል፤ ሌላ እምነት ያለው ሁሉ እንደየሥርዓቱ ሰዓቱን ይወስን፤ ሐሳቡን በሆዱ ይዞ ከማደር በድምፅ ይናገረው፤ እጁን በሥራ ያስይዝ፤ ጎረቤቱም ሲጨነቅ ያየ ሰው ከጭንቁ አንዱን ክፍል ልያዝልህ ይበለው። ይህን የተቀበለ ቤተሰብ ጭንቀት የሌለበት ቤት አይኖረውም፤ በጭንቀቱ ብቻውን የተተወ ሰው ግን በቤቱ አይገኝም።